ለመጪው ሰው የተሰፋ ሱፍ

ገና ላልተገኘ ሰው የተሰፋው ሱፍ በየቅዳሜው ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እናትየው ከቁም ሳጥን አውጥታ፣ የላስቲክ ልባሱን ገፍፋ፣ ትከሻውን በብሩሽ ትጠርግና ኪሶቹን እየገለበጠች ብል እንዳልገባው ታያለች፤ ከዚያ ከልብስ ማስጫው ጫፍ ላይ ታንጠለጥለዋለች። የሌላ ልብስ ውሃ እንዳይነካው አጠገቡ ምንም አይሰጣም። ዛሬ ታችኛው ፎቅ አዲስ የገባችው ተከራይ ቀና ብላ አየችና፣ "እንዴት ያለ ሱፍ ነው እማማ! የባለቤትዎ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"የአማቼ ነው።"

"ወይ ጉድ! ልጅዎ ባል እንዳላት አላውቅም ነበር። ሥራው ራቅ ያለ ቦታ ነው እንዴ?"

"መንገድ ላይ ነው" አለች እናትየው፣ ብሩሹን እያራገፈች።

ሜትሬ ወጥ ቤት ቆማ ሻይዋን እየጠጣች ነበርና ሰማች። "መንገድ ላይ ነው" የሚለውን መልስ በሰማች ቁጥር ሰውየው ታክሲ ያጣ ይመስላታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታክሲ ያጣ ሰው።

ሜትሬ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሥራ ቦታ የተለጠፈባት ነው፤ ቀስ በቀስ ቤትም ገባ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልብስ ቆራጭ ናት፤ ሰው ገና በር ላይ ሲደርስ የደረቱን ልክ በዓይኗ ትናገራለች፣ ቢበዛ በአንድ ሴንቲ ብትሳሳት ነው። ሱፉንም የሰፋችው ራሷ ናት። የጸሎት ቡድኗን የምታስተባብረው ጡረታ የወጣች የጉምሩክ ሠራተኛ ናት፤ ሁሉም እትዬ ይሏታል። ይህች ሴት ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቡድኑን ሴቶች ሰብስባ፣ ጸሎት መልስ የሚያጣው ስላልተሟላ ነው ብላ አስተማረች። "ባል ስጠኝ ምን ማለት ነው? ዕቃ ስጠኝ እንደ ማለት እኮ ነው! ምን ዕቃ? ስንት ኪሎ? ምን ዓይነት? ያልተሟላ ፎርም ተመላሽ ነው!" ሁሉም ዝርዝር ጻፈ። ቀጥሎም በእምነት ማዘጋጀት የሚባል ነገር መጣ፤ ልጅ የምትፈልገው የሕፃን አልጋ ገዛች፣ ቤት የምትፈልገው የበር ቁልፍ ገዛች። ሜትሬ በሙያዋ ሰፋች። ቁመት አንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት፣ ደረት መቶ አራት፣ ትከሻ አርባ ሰባት፣ እጅጌ ስድሳ አምስት። ጨርቁ አንዱ ሜትር የሳምንት ደመወዟን የበላ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ገበሩ ሐር። ፋሽን በተለወጠ ቁጥር ኮሌታውን ስታቀጥን፣ የሱሪውን እግር ስታሰፋ ዓመታቱ አለፉ። ጠጉሯ በጆሮዋ ግራና ቀኝ ሸበተ፣ ዓይኗ መነጽር ፈለገ፤ እግዚአብሔር የሚያመጣው ሰው ግን አንድ ሴንቲ ቦርጭ አላወጣም።

ሜትሬ ሞኝ አይደለችም፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ከቡድኑ አንዷ እህት "ነጭ መኪና" ብላ ጽፋ ነጭ መኪና አገኘች፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ሆኖም "የተመለሱ ጸሎቶች" ከሚለው መዝገብ አልተሰረዘም። "ይሂድ ብላ አልጻፈችማ" አለች አስተባባሪዋ፣ ሳትስቅ። ሜትሬ ይህን ሰምታ በሆዷ ቀልዳ፣ በእጇ ከሁሉም ጋር አጨብጭባለች። ሌላው ሰው ሲታለል ታያለች፤ የራሷን ግን ከገበሩ ውስጥ ሰፍታዋለች።

አሁን ደግሞ መንገድ ላይ ካለው ሰው በፊት አንድ ሌላ ሰው ከች ብሏል። የምትሠራበት ሕንፃ ሊፍት ጠጋኝ ነው። አጭር ነው፤ ከአንድ ሜትር ከስድሳ ስድስት አይበልጥም። ግራ ትከሻው ከቀኙ ሁለት ሴንቲ ይወርዳል። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሊፍት ውስጥ ሲያወሩ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በሩ ሊዘጋ ሲል በእጁ ይዞ፣ "ሰኞ ለሁለት ዓመት ሥራ ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ" አላት። "ቅዳሜ ለምሳ ቤታችሁ ልምጣና እሺ ወይ እምቢ በዪኝ። እሺ ካልሽ ብቻዬን አልሄድም። እየጸለይኩበት ነው ግን አትበዪኝ፤ ሁለት ወር ጸልየሽበታል።" ቅዳሜ ዛሬ ነው።

እስከ እኩለ ቀን ሥራ ነበራት። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ስፌት ቤት ረጅም ክፍል ነው፤ ስድስት መኪና በግድግዳው ተደርድሮ፣ መሐሉ ላይ የእሷ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ካውያ። ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ እያሰመረች ሳለ አንድ ወፍራም ነጋዴ ስልኩን እንደ መታወቂያ ከፊቱ ይዞ ገባ።

"ወንድሜ ውጭ አገር ነው ያለው። ለሠርጉ ሱፍ ይፈልጋል። ልኩን ይኸው ልኮልኛል።"

"ወንድምህን አምጣው" አለች ቀና ሳትል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልኩ እኮ እዚህ ተጽፏል!"

"የተጻፈ ልክ አልቆርጥም። ሰው ስለ ገላው ይዋሻል። ደረቱን ይጨምራል፣ ወገቡን ይቀንሳል። ስሰፋው አይሆነውም፤ አይሆነኝም ሲል ደግሞ የሚሰደበው የእሱ ወገብ አይደለም፤ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ የምከፍለው እኔ፣ አንቺ ምን ቸገረሽ?"

ሜትሬ ጠመኔዋን አስቀመጠች። እንዲህ ያለውን ሰው ስታይ የሚሰማት ንቀት ነው፤ ያውም የማትደብቀው ንቀት። "ወንድሜ፣ ዝርዝር ይዘው የሚመጡ ደንበኞችን ሃያ ዓመት አይቻለሁ። አንዳቸውም ልብስ ፈልገው አይመጡም፤ ማዘዝ ፈልገው ነው የሚመጡት። ሂድ፣ ታች ያለው ሱቅ የተሰፋ ይሸጣል።" ሰውየው እየተራገመ ወጣ። ሰፊዎቹ ሳቁ። እሷም በራሷ ረክታ ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ለነጋዴው የተናገረችው ለራሷም የሚሆን ትምህርት ነበር፤ ሳታየው አለፈች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስትደርስ ሳሎኑ እንግዳ መቀበያ ሆኗል። የሶፋው ላስቲክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነስቷል፤ ሱፉ ከበረንዳ ገብቶ በቁም ሳጥኑ በር ላይ ተሰቅሏል። ያልተጠራችው ታናሽ እህቷም ተገኝታለች። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ባሏን ቤት ትታ፣ ምላሷን ስላ መጥታለች። "ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች ሱፉን እያየች። "ላሟን ሱፍ ያለበስናት ግን እኛ ብቻ ነን።" ሜትሬ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እሺ እንደምትል አታውቅም፤ እምቢ እንደምትልም አታውቅም። የምታውቀው፣ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ልቧ ሊፍት የምትጠብቅ ልጃገረድ ልብ እንደ ነበረና ያ ልብ እንዳሳፈራት ነው።

ሊፍት ጠጋኙ በሰዓቱ መጣ። ሸሚዙ አዲስ ተተኩሷል፤ በእጁ ብርቱካን በፌስታል ይዟል።

"ቤት ለእንቦሳ" አለች እናትየው።

"እንቦሳ እሰሩ፣ እማማ።"

ተቀመጡ። ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ ቀረበ። መጀመሪያ የሳህን ድምፅ ብቻ ነበር። ሰው ለሰው የሚናገረው ሲያጣ ምግቡን ያመሰግናል፤ እነሱም ዶሮውን አመሰገኑ፣ የዶሮ ዋጋ ሰማይ መንካቱን አነሱ። በመጨረሻ እናትየው፣ "ይሄ ሊፍት የሚሉት ነገር ተበጥሶ ያውቃል ልጄ?" ብላ ጠየቀች።

"አይበጠስም እማማ። ገመዱ ብዙ ነው፤ አንዱ ቢደክም ሌላው ይይዘዋል። ሰው ግን ሁልጊዜ ይበጠሳል እያለ ነው የሚሳፈረው።"

"እህቴ እንኳን አትፈራም" አለች ታናሽቱ። "ሁለት ወር ሙሉ ለሦስት ፎቅ ሊፍት ስትጠብቅ ከረመች አሉ። ድሮ በደረጃ ስትሮጥ ነበር የምናውቃት።"

ሰውየው ፈገግ አለ። ሜትሬ ፊቷ ደም መሰለ። ቀና ብላ ልታየው ስትል ዓይኗ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሁለት ሴንቲ። ሸሚዙ እዚያ ጋ ትንሽ ተሸብሽቧል። እሷ ብትሰፋለት በቀጭን ንጣፍ የምታስተካክለው ነገር ነው፤ ዓይኗ ግን ማስተካከያውን ሳይሆን ጉድለቱን ነበር የያዘው።

ሳህኑ ሲነሳ እናትየውም ተነሳች። ሳምንቱን ሙሉ በልቧ የያዘችው ነገር ነበር። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መጠበቅ ሰልችቷታል። ሱፉን ከመስቀያው አውርዳ ኮቱን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ እንደ ካባ፣ ከሰውየው ኋላ ቆመች። "እስቲ ልጄ፣ ይህን ልበሰው። እንዲያው ለእኔ ስትል።"

"እማዬ!" አለች ሜትሬ።

"ዝም በይ አንቺ። ልኩ ከሆነ ከእግዚአብሔር ነው። ባይሆንም ባለሙያ ነሽ፤ ታሳጥሪዋለሽ።"

ሰውየው ግራ ገብቶት ነበር፤ አሮጊት ማሳፈር ግን አይችልም። ለበሰው። እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ፣ ትከሻው ተንዘላዝሎ ወደ ግራ ዘመመ፣ የኮቱ ጫፍ ጉልበቱን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ታናሽቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ አልበቃትም። "ውይ በሞትኩት! መንገድ ላይ ዝናብ መትቶ አሳጥሮታል!" ብላ ሳቀች፤ እንባ እስኪወጣት ሳቀች።

"የማን ነው?" አለ ሰውየው።

ታናሽቱ ሁሉንም አወጣችው፤ ዝርዝሩን፣ ዘጠኝ ዓመቱን፣ ፀሐይ መሞቁን። ሰውየው በኮቱ ውስጥ እንደቆመ አዳመጣት። አልተቆጣም። የእጅጌውን ስፌት አገላብጦ አየ፤ የሙያ ሰው የሌላውን ሥራ እንደሚያይ።

"ጥሩ ሥራ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ሜትሬ ዞረ። "እኔም ዝርዝር ሰጥቼ አውቃለሁ። ሚስቴ ሆስፒታል ሳለች ሐኪሞቹ በየቀኑ ቁጥር ይነግሩኝ ነበር፤ ደሟ ይህን ያህል፣ ስኳሯ ይህን ያህል። ቁጥሩን በወረቀት እየጻፍኩ፣ ጌታ ሆይ ይሄንን ወደዚህ አውርደው፣ ያንን ወደዚያ አውጣው እያልኩ እጸልያለሁ። ሁሉም ተስተካከለ። በተስተካከለ በሦስተኛው ቀን ሞተች። እሷ ትጠራኝ የነበረው እጇን እንድይዛት ነበር፤ እኔ ግን ኮሪደር ላይ ቁጥር እያስተካከልኩ ነበር።" እጅጌውን ከጣቶቹ ላይ ሰበሰበ። "እና አሁን ምን ትዪኛለሽ?"

እናትየው የኮቱን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። ሜትሬ ማልቀስ አማራት፤ ማልቀስ ደግሞ እህቷ ፊት የማይታሰብ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያድናት ሙያዋ ነው። ሙያዋን መዘዘችው።

"ግራ ትከሻህ ሁለት ሴንቲ ይወርዳል" አለች። "ይህ በንጣፍም አይደበቅም።"

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። "የመፍቻ ሳጥኑ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸከምኩት" አለ። ኮቱን አወለቀ፣ በትከሻው መስመር አጠፈ፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠ። "እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አዲሱ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ላይ የመጨረሻ ሥራ አለኝ፤ ዛሬ ማስረከብ አለብኝ።" በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ብርቱካኑ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። እናትየው ልጆቿን አላየቻቸውም፤ ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ከፈተች፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜትሬ ጸሎት ቡድን ሄደች። ቅዳሜ ስለሆነ ሄደች፤ ሌላ የምትገባበት ስላጣች ሄደች። የአስተባባሪዋ ሳሎን ጠባብ ነው፤ አሥራ ሁለት ወንበር ጉልበት ለጉልበት ተገጥሟል፣ ግድግዳው ላይ "የቀረቡ" እና "የተመለሱ" የሚል ሁለት ዓምድ ያለው ሰሌዳ ተሰቅሏል። ተራዋ ሲደርስ የሆነውን እንደሆነ ተናገረች። ሰውየውን፣ ኮቱን፣ ያለችውን ቃል። ንስሐ መግባቷ ነበር፤ ድምፅዋም የንስሐ ነበር።

"አሜን!" አለች አንዷ።

"ክብር ለስሙ!" አለች ባለ ነጭ መኪናዋ።

አስተባባሪዋ ብድግ አለች። ዓይኗ በኩራት ያበራል። "እህቶቼ፣ ተመልከቱ! ጠላት እውነተኛው ከመድረሱ በፊት ሁልጊዜ አስመስሎ የተሠራውን ያስገባል። በዘመኔ ስንት የሐሰት ዕቃ ይዣለሁ! ይህች እህታችን በምን ለየችው? በልክ! እግዚአብሔር በሁለት ሴንቲ አይሳሳትም!"

ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። ሜትሬ እጆቻቸውን አየች፤ አሥራ አንድ ጥንድ እጅ፣ ለአንድ ሐዘንተኛ መዋረድ ሲያጨበጭብ። ጠዋት ሰፊዎቹ በነጋዴው ሲስቁ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ያው ድምፅ ነው፤ የተባረከ መሆኑ ብቻ ይለያል።

"እንግዲህ ዝርዝሩን እናጥራው" አለች አስተባባሪዋ፣ ፋይሉን ገልጣ፣ እስክሪብቶ እያቀበለቻት። "የትከሻውን ስፋት ጽፈሻል፤ እኩል ይሁን ግን አላልሽም። ጠላት የገባው በዚህ ክፍተት ነው።"

ሜትሬ ወረቀቱን ተቀበለች። ዘጠኝ ዓመት ሳታነበው ኖራ ነበር፤ በቃሏ ስለምታውቀው። አሁን አነበበችው። ቁመት፣ ደረት፣ ትከሻ፣ የጥርስ አደራደር፣ የድምፅ ውፍረት፣ የጫማ ቁጥር አርባ ሦስት። "እግዚአብሔርን የሚፈራ" የሚለው አሥራ አራተኛ ላይ ነበር፤ ከጫማ ቁጥሩ በታች። ምን እንደሚያስለቅሰው፣ ማንን እንደቀበረ፣ እናቷ ብትታመም አጠገቧ ይቀመጥ እንደሆነ አንድም መስመር የለም። የሁሉ ፈጣሪ የሆነውን አምላክ ሱቅ በር ላይ አቁማ፣ በየቅዳሜው ወረቀት እያነበበች ዘጠኝ ዓመት አዝዛዋለች። ምን ጨርቅ እንዳለው አንድ ቀን አልጠየቀችውም። እንዲህ ያለ ደንበኛ እሷ ዘንድ ቢመጣ ታች ያለውን ሱቅ ታሳየው ነበር። ያ ወፍራም ነጋዴ እንኳ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ወንድም አለው።

"እትዬ" አለች፣ "ይህ ሰው ሚስቱ ሞታበታለች።"

"ታዲያስ?"

"በውርደቱ አጨበጨብን።"

"አዘኔታ የታወቀ ወጥመድ ነው፣ ልጄ። ጻፊ።"

ሜትሬ እስክሪብቶውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ለመውጣት የስድስት ሴቶችን ጉልበት መሻገር ነበረባት፤ ይቅርታ ሳትል ተሻገረች።

"ወዴት ነሽ? ገና የምልጃ ጸሎት አለ!"

"ያበላሸሁት ሥራ አለ።"

ባለ ዘጠኝ ፎቁ ሕንፃ ገና አልተመረቀም። መግቢያው የሲሚንቶ አቧራ ይሸታል፤ ዘበኛው ሊፍቱ አይሠራም ብሎ ወደ ደረጃው በአገጩ ጠቆማት። ወጣች። አራተኛው ላይ ትንፋሿ አጠረ፣ ስድስተኛው ላይ ግድግዳ ተደገፈች፣ ስምንተኛው ላይ ላቧ በመነጽሯ ወረደ። የሊፍቱ በር ክፍት ነው፤ ሣጥኑ በስምንተኛውና በዘጠነኛው መካከል ቆሟል። ከሣጥኑ በላይ የእጅ ባትሪ ብርሃን ይንቀሳቀሳል፤ ሰው አይታይም።

"ማነው?" አለ ድምፁ።

"እኔ ነኝ።"

ብረት ሲንኳኳ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ።

"ሊፍቱ አይሠራም።"

"አውቃለሁ። በእግሬ ነው የመጣሁት።"

"ስምንት ፎቅ?"

"ስምንት ፎቅ።"

እሷ ወደ ጨለማው አንጋጠጠች። ቁመቱ አይታይም፣ ትከሻው አይታይም፤ ዓይኗ የሚይዘው ነገር አጥቶ ተንከራተተ።

"እናትሽ ፊት መሆኑ ግድ አልሰጠኝም" አለ ድምፁ። "አሮጊት ናት፣ ቸኩላ ነው። እህትሽ ግን ሳቀች።"

"ሳቀች። ከእሷ ሳቅ የኔ ቃል ይብሳል።"

"ይብሳል።"

"ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት ነው የመጣሁት።"

"ይኸው አልሽ።" ብረቱ እንደገና ተንኳኳ፣ ቆመ። "ሌላስ? ደረጃውን ይህን ሁሉ ለአንድ ቃል አልወጣሽውም። ምን ፈልገሽ ነው?"

ሜትሬ አፏን ከፈተች። ዘጠኝ ዓመት ይህን ጥያቄ በእንቅልፏም ብትጠየቅ በሴንቲ ለይታ የምትመልሰው ሴት ነበረች። አሁን ፈለገች፣ ፈለገች፣ ምንም አላገኘችም፤ ባዶ ሆኖ የሚያም ቦታ ብቻ አገኘች።

"አላውቅም" አለች።

ላይ ያለው ሰው አንድ ብሎን አጠበቀ።

"አርባ ደቂቃ ይቀረኛል" አለ በመጨረሻ። "ልትጠብቂ ትችያለሽ፣ ልትሄጂም ትችያለሽ። ስወርድ እሺ ልበልሽ እምቢ፣ እሱን እኔም አላውቀውም።"

"እሺ።"

ደረጃው ቀዝቃዛ ነበር። ጫማዋን አወለቀች፣ ያበጠ እግሯን ዘረጋች፣ ተቀመጠች።